ሽማግሌ ካልጫነች የማትጮህ መኪና

ታዬ ለራሱ የስኳር ምርመራ መቼ እንደ ሄደ ቢጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የመኪናው ዘይት መቼ እንደ ተቀየረ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዕለቱን አየር ጭምር ይነግራችኋል። አራት ልጆች አሉት፤ የአራቱንም የልደት ቀን የምታስታውሰው ሚስቱ ዓለምወርቅ ናት። የካንዴላውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ የዘይት ማጣሪያውንና የቺንጋውን የልደት ቀን የሚያስታውሰው ግን እሱ ነው፤ አንዱንም ዘንግቶ አያውቅም። መኪናዋ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በሞላች ቁጥር አገር ቢገለበጥ ታልፒዮት ሰፈር ወዳለው የመካኒኩ የኒር ሙሳክ ትሄዳለች። ሙሳክ በዕብራይስጥ ጋራዥ ማለት ነው፤ ቲፑል ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚደረግላት እንክብካቤ። ዓለምወርቅ፣ ለእኔስ እንዲህ ያለ ቲፑል የሚያደርግልኝ መቼ ነው ብላ መጠየቅ ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መልሱ አሁንም በመንገድ ላይ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት የመኪናዋም ዕድሜ ነው። ባለ ሰባት ወንበር ሚኒቫን ናት። የግራ ተንሸራታች በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ የኋላ መስኮቷ ደግሞ ከወረደ የሚመለሰው በልመና ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ሲገዟት ልጆች ልትጭን ነበር፤ ልጆቹ ግን አደጉና በየፊናቸው ወጡ፤ ወንበሮቹን ሽማግሌዎች ወረሷቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር የመጡት አይሁድ፣ የታዬ ወገኖች፣ ሞትን በስልክ አይነግሩም፤ ነውር ነው። የሞተበት ሰው የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ገና ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ። ምንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው ይላሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ጎረቤቱ አንድ ሁለት እያለ ይገባና ቤቱ ይሞላል። ቤቱ ሲሞላ መርዶው ይወጣል። ታዲያ እነዚህን ሽማግሌዎች ከሰፈሩ ከቃታሞኒም አንስቶ እስከ ናታኒያ፣ አፉላና ቤር ሼቫ ከተሞች በማለዳ የሚያደርስ ማን ነው? አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ለቅሶ አይሄድም። ታዬ ይሄዳል።

ታዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን አበባ ሲያጠጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሲሰናበት የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት፤ በሰዓቱ የሚደርስበት ቦታ ካጣ በኋላ መሆኑ ነው። መኪናዋ ባትኖር ኖሮ በቃታሞኒም ብሎኮች መካከል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡት ጡረተኞች የርግብ ቁጥር ይይዝ ነበር። መኪናዋ ስላለች ግን «ባለ ሰባቱ» ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ከቄሱ ቀጥሎ ይቀመጣል። ምግብ ሲመጣ፣ ሾፌራችን መንገድ አለበት ተብሎ ቀድሞ ይቀርብለታል። ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ጠና፣ ማን ሁለት ሳምንት እንደማይሞላው ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ክብር የተሸከሙት አራት ጎማዎች ናቸው፤ እሱም ያውቀዋል። ለዚህ ነው የጎማ ነፋሷን በየዓርቡ የሚለካው።

እንግዲህ ከዳስ በዓል ወዲህ መኪናዋ አንድ ጠባይ አመጣች። ስትሞላና ስትታጠፍ ከኋላ በኩል፣ ከታች፣ እንደ አሮጌ የሳጥን ክዳን ሲጢጥ ትላለች፤ ቀጥሎም ቋ። ታዬ ወደ ኒር ይዟት ሄደ። የተያዘው ቲፑልም ደርሶ ነበርና ኒር ዘይቱን ቀየረ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ፍሬኑን አየ፣ ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ ታልፒዮትን ሦስት ጊዜ ዞረ። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ዝም አለች። በሁለተኛው ሳምንትም ዝም። በሦስተኛው ሳምንት ኒር ስድስት አሮጌ ጎማ ከኋላ ጭኖ ሞከረ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ጩኸቱ ከመኪናዋ ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ ጉልበት ሊሆን ይችላል ሲል አስተያየቱን ሰጠ።

ዓለምወርቅ ግን አልሳቀችም። ምንጩ ያልታወቀ ጩኸት ይዞ አምስት ሽማግሌ ጭኖ የናታኒያን መንገድ መብረር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«አንተ ሰው፣» አለችው፤ «አንድ ቀን ለቅሶ የሄዱትን ለቅሶ ልንሄድላቸው ነው።»

ቀን ቆረጠችለት። ሐሙስ ጠዋት የዓመቱ ምርመራ፣ ቴስት የሚሉት፣ አለ። እስከዚያ ጩኸቱ ካልተገኘ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤን የሚባል ጊሎ ሰፈር የሚኖር የአምስት ልጆች አባት መጥቶ መኪናዋን ያያል። በምትኩ ልጃቸው ሆዲያ ከስልኳ ላይ ያገኘችው ባለ አራት ወንበር ትንሽ መኪና ይገዛል። ሆዲያ ኮሌጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክመውና ቀሪውን በዕብራይስጥ ትጨርሰዋለች። «አባዬ፣ ማ ሃቤዓያ፣ ምንድነው ችግሩ? ትንሽ ናት፣ ፓርኪንግ በቀላሉ ታገኛለች» አለችው። ችግሩ ምን እንደሆነ ታዬ ሊያስረዳት አልቻለም። አራት ወንበር ማለት እሱ፣ ዓለምወርቅና ሁለት ሽማግሌ ማለት ነው። ሁለት ሽማግሌ ወስዶ ሦስቱን የተወ ሰው ደግሞ የሦስት ቤተሰብ ጠላት ነው። እንዲያውም ከነጭራሹ ቢቀር ይሻለዋል። ከቀረ ደግሞ ርግቦቹ አሉ።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት ኒር ዘንድ ሄዶ ለመነ። ኒር እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበና፣ ባዶ መኪና ይዞ የሙሉ መኪና በሽታ መፈለግ የማይሆን ነገር መሆኑን አመነ። ጎማ ጎማ ነው፤ እንደ ተጫነ ይቀመጣል። ሰው ግን በእጥፋት ላይ ያዘነብላል። ታዬም ይህን መሰከረ፤ የእሱ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁሉም በአንድነት፣ ወደ አንድ ጎን፣ አንድ ላይ «ወይ ፈጣሪ» እያሉ ነው የሚያዘነብሉት። እንግዲያው ነገ ከሥራ በፊት ሰው ሞልተህ አምጣልኝ፣ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ አዳምጣለሁ አለው ኒር።

ማክሰኞ ማለዳ ሥራ የሌለው፣ ወታደር ያልሆነ፣ ያልተኛ ሰው ከየት ይመጣል? ታዬ ጸሎት ሲያበቃ ምኵራቡ በር ላይ ጠበቀ። ቄስ ኤልያሁ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሲወጡ እጅ ነሥቶ፣ እስቲ ለትንሽ መንገድ ከእኔ ጋር ይምጡ አላቸው።

«ማን ነው?» አሉ ቄስ ኤልያሁ፤ ድምፃቸው ወዲያው ወረደ።

ማንም አለመሆኑን ታዬ ነገራቸው። አራቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ማንም ሳይሞት በታዬ መኪና የተሳፈረ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። መኪና ፍተሻ ነው ብሎ አብራራ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሲነቀንቁ ግን አንደኛው ሹልክ ብለው ቤታቸው ገቡና ንጹሕ ነጠላና ከዘራ ይዘው ተመለሱ። እዚያ መኪና ውስጥ ያለ ነጠላ መግባት ጫማ ሳያደርጉ ቢሮ እንደ መሄድ ሆኖባቸው ነው። ይህን ሲያዩ ሌሎቹም ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቄሱም ጃንጥላቸውን ከምኵራቡ በር ጥግ አነሡ፤ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ከፊት ለኒር ከተተወው ሌላ አንድ ወንበር ቀረ። እሱንም ታዬ አስቦበታል። ከድሮ ጀምሮ የሚያውቃቸው አንድ መነኩሴ አሉ፤ እዚያው ከተማ የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና ካለው ገዳም የሚኖሩ፣ አባ ገብረ አረጋዊ። ታዬ በዚያ ሰፈር አበባ ሲያጠጣ ቁራጭ ተክል እየሰጣቸው የተወዳጁ ናቸው። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ከተማ ውስጥ ለአራት ወር ስለ ጠፋ ለዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጊሎ አግኝተዋል፤ እግረ መንገዱን ሊያደርሳቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ታዬ በዚያ በጠባቡ መንገድ፣ በረጃጅሞቹ የድንጋይ አጥሮች መካከል የጎን መስተዋቱን አጥፎ ገብቶ ገዳሙ በር ላይ ቆመ። አባ በቢጫ ቆባቸውና በጥቁር ቀሚሳቸው ብቅ አሉ። የተረፈው ወንበር ከቄስ ኤልያሁ አጠገብ ነበር።

አገር ቤት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ አይቀመጡም ነበር። ቄሱ ጃንጥላቸውን መካከል ላይ አቆሙ፤ አባም የመድኃኒት ፌስታላቸውን ከጃንጥላው ጎን አስቀመጡ። ድንበሩ ከተካለለ በኋላ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከሁለት የትራፊክ መብራት በኋላ ሁለቱም የደምቢያ ሰዎች መሆናቸው፣ ከዚያም መንደራቸውን የለየው አንድ ወንዝ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ የማክሰኞ ገበያ የሚውለው በየትኛው ዳር ነበር በሚለው ላይ ተያያዙ።

ታዬ ግን አልሰማቸውም። አባ ሲቀመጡ መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ስትታጠፍ ደግሞ ቋ አለች። በመኪናው ብልሽት እንባው እስኪመጣ የተደሰተ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ታልፒዮት እስኪደርስ ድምፁ እንዳይሸሽበት ጉድጓድ እየመረጠ ነዳ።

ኒር ከፊት ተቀመጠና ማንም እንዳይናገር ጠየቀ። አራት ሽማግሌና አንድ መነኩሴ ስለ ገበያ ሲከራከሩ ዝም በሉ ማለት ቀላል ልመና አይደለም፤ ቢሆንም ለሁለት አደባባይ ያህል ተከበረለት። ወደ ጊሎ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በሁለተኛው እጥፋት፣ አምስቱም በአንድነት አዘነበሉ። ሲጢጥ። ቋ። ኒር እጁን አነሣና እዚሁ አቁም አለ። ታዬ አቆመ። ኒር መሬት ላይ ተዘርግቶ ከመኪናዋ ሥር ገባና፣ በስንተኛው ሰው እንደምትተወው እንዲያውቅ አንድ በአንድ ይውረዱ አለ።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በዝግታ። እያንዳንዱ ሲወርድ ነጠላውን አጣፋ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ፣ ከጓደኛው ጎን ቆመ። ከዚያ ጥቁር የለበሱት መነኩሴ ወረዱ። መጨረሻ ቄስ ኤልያሁ ወረዱና ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለመሆን አምስት ጉዳይ ነበር። የቆሙትም ጊሎ ውስጥ ካለው ሕንፃ ሁሉ ተመርጦ ባዬ የሚባል የታዬ ወገን የሚኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር።

የባዬ ሚስት ዚቫ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ወደ ታች አየች። ያችን መኪና ታውቃታለች፤ የአባቷን መርዶ ያመጣች ናት፣ የአክስቷንም። ዚቫ ወዲያው አልጮኸችም፤ ባለሙያ ሴት ናት። የጆሮ ጌጧን አወለቀች። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋች። ወንበር ደረደረች። ጥቁር ሻሿን አሰረች። ከዚያ ጮኸች።

ባዬ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ደረጃውን ሲወርድ ታዬ ዞር ብሎ አየ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የት እንደ ቆመ፣ ከምን ጋር እንደ ቆመ አላስተዋለም ነበር፤ ጆሮው መኪናዋ ሥር ነበር።

«ግቡ አባቶቼ፣» አለ ባዬ።

ቄስ ኤልያሁ ሊያረጋጉት ፈለጉ። ክንዱን ያዙትና፣ «ባዬ ልጄ፣ ምንም የለም። ሁሉም ደህና ነው» አሉት።

ባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርዶ ሁሉ የሚጀምረው በእነዚያው ቃላት ነው። ታዬ ጣልቃ ገብቶ፣ መኪና ልንፈትሽ ነው የመጣነው፣ ይኸው መካኒኩ አለ። ባዬ ከመኪናዋ ሥር የወጡትን የኒርን ሁለት እግሮች አየ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሽማግሌዎች ብዙ ሰበብ ሲያመጡ ሰምቷል፤ በዚህ ስናልፍ ነው፣ ውኃ ጠምቶን ነው፣ አድራሻ ጠፍቶን ነው። መካኒክ ድረስ አዘጋጅተው የመጡበት መርዶ ግን አልገጠመውም። ምን ያህል ቢከብድ ነው እንዲህ የተደከመበት?

ግቡ የተባለ ሽማግሌ አልገባም አይልም። ገቡ። ተቀመጡ። ጎረቤት መምጣት ጀመረ፤ የግራው በር፣ የቀኙ በር፣ ከዚያ ከላይ ፎቅ፣ ከዚያ ከማዶው ሕንፃ። ወንበር ይዘው የመጡ አሉ፣ ድስት ይዘው የመጡ አሉ። ቄስ ኤልያሁ ሃምሳ ዓመት መርዶ ነግረዋል፤ ጀምረው የሚጨርሱበት ያጡት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል።

«ንገሩኝ አባቴ፣ አትደብቁኝ፣» አለች ዚቫ። «ማን ነው?»

«ማንም አይደለም ልጄ።»

«እናቴ ናት?»

«እናትሽማ በጣም ደህና ናቸው።»

«አያችሁ፣ እናቴ ናት።»

አፉላ ተደወለ። እናትየው ራሳቸው አነሡ። ጊሎ ውስጥ ሰው ሞተ የሚል ወሬ ከአሥር ደቂቃ በፊት ደርሷቸው ለለቅሶ እየለበሱ ነበር፤ ማን እንደሆነ ዚቫ እንድትነግራቸው ለመኗት። ይህ ሲሆን ጎረቤቱ ዓይኑን ወደ መነኩሴው አዞረ። መነኩሴ ከመጣ ነገሩ ከአገር ቤት ነው፣ ጎንደር ነው የሚለው ወገን በረታ። አባ ገብረ አረጋዊ እኔ የዓይን ቀጠሮ አለብኝ አሉ። ምስኪን፣ ምን ይበሉ፣ ተባለላቸው። እሳቸውም ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት ስለማይሆን አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ታዬ ጥግ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ያስባል። ይህ ወሬ ከቀትር በፊት ዓለምወርቅ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ተገኘ አልተገኘ ማንም አይጠይቅም።

በመጨረሻ ቄስ ኤልያሁ ዘዴ መጣላቸው። ዘመድህን በሙሉ ደውል፣ ያላነሣ ካለ ያኔ እናለቅሳለን አሉት ባዬን። ባዬ በግማሽ ጢሙ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ እያደረገ ደወለ። አክስቱ አሉ። የአክስቱ ልጆች አሉ። ቤር ሼቫ ያለው የሚስቱ ወንድም አለ፤ ከእንቅልፍ ስለ ቀሰቀሱት ተሳደበ፣ ቤቱ ሁሉ አመሰገነ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሁሉም አለቀና አንድ ሰው ቀረ። ስሙን የጠራ አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ግን ባዬ ላይ ዐረፈ።

የቀረው ካሌብ ነው፤ የባዬ ታናሽ ወንድም፣ ናታኒያ የሚኖር። ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በባዬ ልጅ ሠርግ ላይ ቪዲዮ አንሺው ካሌብን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአንገት በታች ብቻ ነበር ያነሣው። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ፊልም ውስጥ የካሌብ ሆድ ይጨፍራል፣ የካሌብ ክራቫት ሙሽሪትን ይስማል፤ ፊት የለም። ካሌብ ቅር ብሎት ሲደውል ባዬ ለቀልድ፣ አንሺውማ ጎበዝ ነው፣ ከአንተ የሚያምረውን ክፍል መርጦ ነው ያነሣው አለው። አሥራ አንድ ዓመት።

ባዬ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አልደወለም። የሚደውልበት ምክንያት አልታየውም፤ ካሌብ ሞቷል። ሌላ ሰው አልቀረማ።

«ወንድሜን፣» አለ። «ያ መልከ መልካሙን። ፊቱን እንኳ የምናይበት ሥዕል ሳይኖረን።»

ከዚያ ሙሾው ወረደ። ባዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ሁሉ ደረቱን እየመታ ተናገረ፤ የካሌብን ደግነት፣ የካሌብን እስክስታ፣ ሱዳን በረሃ ላይ ካሌብ በጀርባው እንዳዘለው። በዚህን ጊዜ የሚያለቅሰው ጎረቤት የምር ያለቅስ ነበር። ታዬም እንባው መጣ፤ ግን መኪናዋ ሥር ያለው ሰው ትዝ ሲለው፣ ይህ ለቅሶ እስከ ማታ ቢቀጥል ቃታሞኒም ውስጥ ምን እንደሚባል ታየው። ስልኩን አወጣ። የማንም ሰው ቁጥር እሱ ጋ አለ፤ ከሁሉም ደጃፍ ቆሟል። ካሌብን ደወለና ሲያነሣ ስልኩን ባዬ ጆሮ ላይ ለጠፈው።

«አያ ታዬ፣» አለ የካሌብ ድምፅ፤ ሥራ ላይ ነው፣ ከኋላው ማሽን ይጮኻል። «ማን ሞተ?»

«አንተ፣» አለ ባዬ።

ማሽኑ ቆመ።

«ባዬ ነህ? ማን ነገረህ?»

«ሽማግሌዎቹ መጡ። በታዬ መኪና።»

በታዬ መኪና ከመጡ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ካሌብም ያውቃል፤ ራሱን እየዳሰሰ ይሆናል። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔ ግን ደህና ነኝ» አለ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት፣» አለ ባዬና ሳቁ ከእንባው ጋር ፈነዳ።

ወንድማማቾቹ ለአንድ ደቂቃ ያህል አለቀሱ። በሁለተኛው ደቂቃ ካሌብ ስለ ቪዲዮው አነሣ። በሦስተኛው ደቂቃ ባዬ፣ ያኔም ቆመህ አልተቀረጽክም፣ አንገትህን ስታሰግግ ነው የተቆረጥከው እያለ ይከራከር ነበር። ክርክሩ ለአሥራ አንድ ዓመት ከቆመበት ቦታ አንድ ቃል ሳይጎድል ቀጠለ። ይሁን እንጂ በስልክ ነበር፤ ሁለቱም አልዘጉም።

ኒር በሩ ላይ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ዓይናቸው የቀላ ሠላሳ ያህል ሰዎች ሲያይ ትንሽ ደነገጠ፤ ቢሆንም የመጣበትን ተናገረ፣ አገኘሁት አለ። ከመዳፉ ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታክል የተበላች ጎማ አሳየ። ከቀኝ የኋላ አሞርዛተር ሥር የምትገባ ናት፤ እሷ ስታልቅ ብረት ብረትን ይነካል፣ ሙሉ ካልሆነች ግን አይደርስም። የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ሁሉም እያገላበጠ አያት፤ ለዚያ ሁሉ እንባ አንድ የሚታይ ነገር ያስፈልግ ነበርና። ዚቫ ለረጅም ጊዜ ይዛ አየቻትና ለታዬ መለሰችለት። የጆሮ ጌጧን መልሳ ያደረገችው እሱን ትክ ብላ እያየች ነበር። የመጣው ምግብ መቼም አይመለስም፤ ተበላ። ለታዬ ቀድሞ አልቀረበለትም።

አባ ገብረ አረጋዊ ቀጠሯቸው ላይ ሃያ ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ። ሐኪሙ ዓይናቸው ለምን እንዲህ እንዳበጠ ጠይቆ ጠብታ አዘዘላቸው።

ያን ዕለት ዓለምወርቅ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ስልክ ተደወለ። ሃያኛው ከራሷ እናት ነበር። ታዬ ወደ ቤት ሲገባ የጎማዋን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተገኘ አለ። ዓለምወርቅ ቁራጩን ሳታይ፣ ተገኘም አልተገኘም መኪናዋ ትሸጣለች አለችው። ማክሰኞ ማታ ቄስ ኤልያሁም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ወሰኑ፤ የታወቀ ሙት ከሌለ በቀር በዚያች መኪና የሚሳፈር የለም፣ ወገን በሚኖርበት መንገድ ላይም ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አትቁም። ታዬ ውሳኔውን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ረቡዕ ዕለት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ለሙከራ ተቀምጦ አየ። ርግቦቹ አሥራ አራት ነበሩ።

ኒር አዲስ ቁራጭ ገጥሞላት ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ ቴስቷን አለፈች። መርማሪው ለዕድሜዋ እንዲህ የተያዘች መኪና አላየሁም አለ፤ ታዬ ኮፈኗን ዳበሰ። ከሰዓት በኋላ ቤን መጣ። ዞሯት፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ከሥሯ ተመለከተ፣ ወደደ። ሰባት ወንበር ለአምስት ልጅ ተብላ የተሠራች ናት አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ሚስቱን ሊያማክር ደወለ፤ ስልኩን ግን ያነሡት ከታዬ ወገን የሆኑት አማቱ ነበሩ፤ መኪናዋን ያውቋታል። ታዬ የተናገሩትን ሁሉ አልሰማም፤ ቤን ስልኩን ከጆሮው ሲያርቀው የመጨረሻውን ብቻ ሰማ። ያች መኪና በየጠዋቱ በልጄ ደጃፍ ከቆመች እኔ ሳምንት አልቆይም፣ ቀብሬንም በእሷ ሂዱ ነበር ያሉት። ቤን ቁልፉን ለዓለምወርቅ በአክብሮት መለሰላት።

ሆዲያ የመኪናዋን ፎቶ ስልኳ ላይ አወጣችው። ከወገን ያየው ሁሉ «ማን ነው?» ብሎ ይጽፍ ጀመር፤ ከውጭ ያየው ደግሞ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ የሚለውን አንብቦ ያልፋል። በሳምንቱ ሆዲያ ፎቶውን አነሣችው። ዓለምወርቅ፣ «እንግዲህ ማን ይገዛታል፣ አንተው ተቀበርባት» አለችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ታዬ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞረ። መኪናዋ አለች፤ ሽማግሌ ግን የላትም። ሰባት ባዶ ወንበር ይዛ ከታች ቆማለች። በዚያ ሳምንት ደግሞ፣ ምን ይሁን ተብሎ፣ የሞተ ሰው አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። አንድ ሰውዬ ከአሽዶድ ነኝ አለና ስለ አየሩ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ። የባዬንና የካሌብን ነገር እንደ ሰማ ተናገረ፤ ካሌብ ለሰንበት ጊሎ መጥቶ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እንደዋሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሊጨቃጨቁ እንደ ተቀጣጠሩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። እህት አለችው፣ ኪርያት ጋት። ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምክንያቱን አሁን ማንሣት አይፈልግም። እሱ እንደሆነ ቀድሞ አይደውልም። እሷም አትደውልም። ግን፣ አያ ታዬ እንዲህ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሲያልፍ፣ በማለዳ፣ ደጃፏ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቢያቆም። ምንም መናገር አያስፈልግም። ኮፈኗን ከፍቶ ዘይት እንደሚያይ ሰው ቢሆን ይበቃል።

ታዬ ወደ ማድ ቤቱ ተመለከተ። ዓለምወርቅ ድንች እየላጠች ነው፤ ቢላዋው ግን ቆሟል፣ እያዳመጠች ነው። የሽማግሌዎቹን ውሳኔ አሰበ። ቄስ ኤልያሁ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ስለ ገበያው ነገር አባ ገብረ አረጋዊን ማግኘት አለብኝ፣ ክርክሩ አላለቀም እያሉ እንዲወስዳቸው እሱን እንዳስጠሩትም አሰበ። ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣና በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው።

«ስንት ሽማግሌ ይበቃሃል?» አለው።